አረንጓዴዋ ቁልፍ ጉድ ሠራችን

ሰላም ወገኖች፣ ጁላይ 2 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ሰኞ ማታ በአሜሪካዋ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ዋና ከተማ ራሌ ውስጥ የሆነውን ሰምታችኋል አይደል? የያኔዋ የግዛቷ ገዥ ቤቭ ፐርዱ ፍራኪንግን (ውሃና ኬሚካል በኃይል ወደ መሬት ውስጥ ገፍቶ ጋዝ ማውጣትን) የሚፈቅደውን ሕግ ውድቅ አድርገውት ነበር። የግዛቷ ተወካዮች ምክር ቤት ግን ውሳኔያቸውን 72 ለ 47 ሻረባቸው፤ ሕጉ አለፈ። የሚያናድደው፣ አንድ ድምፅ ቢጎድል አያልፍም ነበር፤ ያቺ አንድ ድምፅ ደግሞ ሕጉን የምንቃወም የኛው ወገን የሆኑት የምክር ቤት አባል የቤኪ ካርኒ ናት፣ በውድቅት ሌሊት ተሳስተው አረንጓዴውን፣ የ«ይሻር» ድምፅ የሚሰጠውን ቁልፍ፣ ተጫኑ! ላስተካክል ቢሉ ውጤቱን ስለሚቀይር ደንቡ አይፈቅድም ተባሉ። ሴትዮዋን መስደብ ይቅርብን፣ 71ዱ አውቀው ነው የተጫኑት። ሊ ካውንቲ የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ፣ ያኔ ገና አልመሸም ነበር። የቁፋሮው መመሪያ ተዘጋጅቶ ሳያልቅ ፈቃድ አይሰጥም ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም ምርጫ ነበር። አሁንም ለእንደራሴዎቻችሁ ደውሉ፤ የትኛውን ቁልፍ እንደተጫኑ ጠይቋቸው።