ያጠፋችሁት የራሳችሁን አውቶቡስ ድምፅ ነው

ለአውቶቡስ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ስላለው ኤግዚቢሽናችን ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ኦቲዝም ያለብኝ የድምፅ አርቲስት ነኝ። አካል ጉዳተኛ ከሆኑና እንደኔ አእምሯቸው ለየት ብሎ ከሚሰራ ጓደኞቼ ጋር ወራት ሙሉ በናንተ አውቶቡስ ተመላልሰን የሰራነውን ስራ ጣቢያችሁ ውስጥ እንድናሳይ ራሳችሁ ጋበዛችሁን፣ ለዛ እናመሰግናለን፣ ምስጋናው ግን እዚህ ጋ ያልቃል።

በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ስሄድ ስፒከሬ ተነቅሎ ገመዱ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጥበቃውን ስጠይቀው "ተሳፋሪ ተማሮ ነው፣ ጆሮ ይበሳል፣ ልጅ ያስለቅሳል አሉ" አለኝ። እሺ። እዛ ስፒከር ላይ እኮ እኔ የፈጠርኩት አንድም ድምፅ የለም! በሩ ሲዘጋ የሚጮኸው ጲጵ ጲጵ፣ ፍሬኑ ሲያዝ የሚያፏጨው፣ ሾፌሩ የከፈተው ሬዲዮ፣ በሬዲዮው ላይ የሚደረበው የፌርማታ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ከናንተው አውቶቡስ የተቀዳ ነው። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር የሌላ ሰው ጆሮ ሳያውቀው ወደኋላ የሚገፋውን ድምፅ እኩል ወደፊት ማምጣት ነው፣ ለኔ የሚሰማኝ እንደዛ ነዋ፣ የትኛው እንደሚጠቅም የትኛው እንደማይጠቅም ጭንቅላቴ አይለይልኝም ሁሉም እኩል ነው የሚገባው። ቮሊዩሙን ደሞ ቀንሼዋለሁ፣ በስልክ ስለካው አውቶቡስ ውስጥ ካለው በጣም ያንሳል። ሰዉ በ2 ደቂቃ የተማረረበትን እኔ በየቀኑ 40 ደቂቃ እሄድበታለሁ፣ እሱም ከቻልኩ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ፌርማታ ሲቀረኝ ወርጄ በእግሬ ነው የምጨርሰው። ባለፈው ይሄንኑ ጽፌላችሁ "የደህንነት ድምፅ ስለሆነ አይቀነስም" ብላችሁ መለሳችሁልኝ። ለተማረሩት ተሳፋሪዎች ሲሆን ግን ስፒከሬ በአንድ ቀን ተነቀለ።

የበሩ ድምፅ ይጥፋ እያልኩ አይደለም፣ ዓይነ ስውሩ ጓደኛችን በሩ የት እንደሆነ የሚያውቀው በሱ ነው፣ በዚህ ጉዳይ እኔና እሱ አንድ ወር ሙሉ ተጨቃጭቀናል። የተስማማነው ድምፁ ወፈር ብሎ፣ ዝግ ብሎ፣ ከበሩ ጋ ብቻ ይምጣ በሚለው ነው። ሬዲዮውን ግን ማንም አይፈልገውም።

የሱን ስራ ምን እንዳደረጋችሁት ደሞ ልንገራችሁ። ጣቢያችሁ ወለል ላይ ያለውን ጉርብጥብጥ ያለ ቢጫ ንጣፍ፣ ያ ጃፓናዊው ሴይኢቺ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠረው፣ ዓይነ ስውር በእግሩና በዱላው የሚያነበው፣ እሱ ላይ ወረቀት አንጥፎ በከሰል እያሻሸ ከመግቢያ እስከ ፌርማታ ቀዳው። ቅጂው በጣት ሲዳሰስ መስመሩ ይሄድ ይሄድና ድንገት ቁርጥ ይላል፣ እዛ ጋ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተክላችሁበታል። ስራው እንዲነካ ነው የተሰራው። እናንተ መስታወት ውስጥ ከታችሁ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ለጠፋችሁበት።

ዊልቸር የምትጠቀመው ጓደኛችን ደሞ መወጣጫው ተበላሽቷል እየተባለች ትቷት ለሄደ ለእያንዳንዱ አውቶቡስ ክር ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠረች። 31 ደርሶ ነበር፣ 19 ላይ ቆርጣ አቀረበችው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ አውቶቡስ አግደው መንገድ ላይ ያደሩት አካል ጉዳተኞች 19 ስለነበሩ። ክሩ ላይ ማንም ቅሬታ አላቀረበም፣ ድምፅ ስለሌለው መሰለኝ።

ስለዚህ ስፒከሩ ተመልሶ ይሰካ፣ መስታወቱ ይነሳ። አውቶቡሱ ውስጥ ሬዲዮው ይዘጋ፣ የበሩ ድምፅ እንዴት እንደሚስተካከል ከኔም ከጓደኛዬም ጋር አብራችሁ ተቀመጡ። ሰሌዳውም ከንጣፉ ላይ ይነቀል። መወጣጫው የማይሰራ አውቶቡስ ደሞ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ይፈተሽ፣ ፌርማታ ላይ ሰው ፊት አይደለም መበላሸቱ መታወቅ ያለበት። የግብዣ ደብዳቤያችሁ ላይ የተባበሩት መንግስታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9ን ጠቅሳችኋል፣ እዛ አንቀጽ ላይ በስም የተጠራው ትራንስፖርት ነው፣ ኤግዚቢሽን አይደለም።

መልሳችሁን በጽሁፍ ላኩልኝ፣ እባካችሁ አትደውሉ፣ ስልክ ላይ ማውራት ይከብደኛል። ስፒከሩን አንሰካም ካላችሁ ደሞ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ የኃይል ገመዱን ግን አደራ፣ የተዋስኩት ነው።