አባዬ፣ ስለ ልጆቹ መኪና

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሚጡ ዘንድሮም ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ ሲስቅ ብታየው! አያቴ የውሃ ፓምፕ ሞተር ያለው መኪና እየሠራልኝ ነው እያለ ሰፈሩን አዳርሶታል። ትምህርት እንደተዘጋ ሐዋሳ ናቸው።

የነገርከኝን ቁጥር ይዤ አሰላሁት። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ሲያገኝ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ይዞራል። የካቴናው ትንሹ ጊር 10 ጥርስ፣ ትልቁ 60 ጥርስ ካለው ጎማው 600 ጊዜ ይዞራል። ከዳር እስከ ዳር 25 ሳንቲ የሆነ ጎማ በአንድ ዙር 78 ሳንቲ ገደማ ይሄዳል። ይሄ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ነው። ለ8 ዓመት ልጅ በዛ፣ አባዬ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህን ለወንድሞቼ ጋራዡ ወለል ላይ በጠመኔ እየጻፍክ አስረድተሃቸዋል። እኔ በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። «አንቺ ሂጂ ቡና አፍዪ» አልከኝ። አሳድገህ፣ አስተምረህ ለዚህ አብቅተኸኛል፤ ውለታህን አልረሳም። ያቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም። አንድ ቀን እንኳን መፍቻ አቀብዪኝ ብትለኝ ምን ነበረበት? ስለዚህ መሪውን መጀመሪያ ሚጡ ትያዝ። ስትፈታም ስትገጥምም አጠገብህ ትሁን።

ፍጥነቱ ከ15 አይለፍ። ሁለተኛ ካቴና ጨምረህ ዙሩን በግማሽ ቀንሰው፤ 14 ላይ ያርፋል። ነዳጅ መስጫውን በቡሎን ማሰር ብቻውን አይበቃም፣ ማሙሽ ይፈታዋል። ካቴናውን በላሜራ ሸፍነው። ከዚያ 50 ሜትር ለካና መንደርደሪያ ሰጥተህ ሰዓት ያዝ። ከ12 ሰከንድ በታች ከፈጀ ፈጥኗል ማለት ነው። ሐዋሳ ከታቦር ተራራ በቀር ሜዳ ናት ትለኝ ይሆናል። ባጃጁስ? ከግቢ እንዳይወጡ አደራ።

የመሪውንና የፍሬኑን ብየዳ ደግሞ ሌላ በያጅ ይይልህ። እጅህን ንቄ አይደለም። ለፋሲካ ስመጣ ስኳሩን ከስኒው ውጪ ስትጨምር አይቻለሁ። አንተም ዝም አልክ፣ እኔም ዝም አልኩ። የዓይን ሞራ እኮ በቀላል ቀዶ ጥገና ይወጣል። ልጆቹን ሳመጣ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ቀጠሮ ይዣለሁ። እምቢ እንዳትለኝ።

ልጅህ