በራስህ ኪይ (የድምፅ ከፍታ) ዝፈን
ጅማ፣ ሰኔ መጨረሻ

ለናሆምዬ፣

እንደምነህ ልጄ? አያትህ ደህና ናቸው፣ ሰላም በይልኝ ብለዋል። ባንዳችሁ የእንግሊዙን የሄቪ ሜታል ባንድ፣ የአይረን ሜይደንን ዘፈኖች ሊያጠና ነው ማለትህን ሰማሁ፤ ጓደኞችህ «ዘ ኤክስ ፋክተርን ግን አትንኩ፣ ደካማ አልበም ነው» ማለታቸውንም እንዲሁ። ለአንተ ድምፅ ግን መጀመር ያለብህ በእሱ ነው።

አልበሙ በጥቅምት 1995 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የባንዱ አሥረኛ ሥራ ነው። ዘፋኙ ብሩስ ዲኪንሰን በ1993 ለቆ በእግሩ ብሌዝ ቤይሊ ገባ። ከዚያ በፊት የነበረው «ፊር ኦቭ ዘ ዳርክ» በብሪታንያ ሰንጠረዥ 1ኛ ወጥቶ ነበር፤ ይኼኛው 8ኛ ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ጣቱን አዲሱ ዘፋኝ ላይ ቀሰረ።

ዲኪንሰን ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ) ነው፣ ብሌዝ ደግሞ ባሪቶን (ዝቅ ያለ፣ ወፍራም)። የአልበሙ ዘፈኖች ለእሱ ድምፅ ስለተሠሩ ይመቹታል። ጣጣው የመጣው መድረክ ላይ ነው፤ የዲኪንሰንን የድሮ ዘፈኖች እዚያው ከፍታ ላይ ዝፈን ተባለ፣ ጊታሮቹም ዝቅ ብለው አልተቃኙለትም። በጉዞው መሃል ድምፁ ታሞ የተሰረዙ ኮንሰርቶች አሉ። እኛ ዘንድ አዝማሪው ማሲንቆውን ለገዛ ጉሮሮው ነው የሚቃኘው፤ ማንም «የእገሌን ከፍታ ያዝ» አይለውም።

ስትሰማው በስልክ ስፒከር አትስማ። ትንሽ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም፤ የብሌዝ ድምፅ ውፍረት ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ሲቀር «ቀጭን፣ ደካማ» ይመስላል። ኢኩዋላይዘሩን ዜሮ ላይ ተወው። ቤዝ ቡስት ካበራህ የባንዱ የቤዝ ጊታር ተጫዋች የስቲቭ ሃሪስ ጣቶች ክሩ ላይ ሲመቱ የሚሰማው ቅጭልጭል ይዋጣል፤ «ብለድ ኦን ዘ ወርልድስ ሃንድስ» በቤዝ ብቻ ስለሚጀምር እዚያ ላይ ፈትሸው። የመጀመሪያው ዘፈን «ሳይን ኦቭ ዘ ክሮስ» ከ11 ደቂቃ በላይ ነው፤ መግቢያው የመነኮሳት ዜማ ነው፣ በጣም ዝግ ያለ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንድም ነገር አትሰማም፤ ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን ያስፈልጋል።

ጉድለት የለውም አልልህም። 71 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ይበዛል፤ ብዙዎቹ ዘፈኖች በቀስታ ጀምረው መሃል ላይ ስለሚፈጥኑ ወደ መጨረሻው ይመሳሰሉብሃል። ሚክሱም ደረቅ ነው፣ ድምፁ ላይ የተጨመረ ማስተጋቢያ ጥቂት ነው። (ሽፋኑን አያትህ ፊት አታውጣው፤ የባንዱን ምልክት፣ ጭራቁን ኤዲን እየቀደዱት ነው።)

አሁን ወደ አንተ። ድምፅህን ካሟሟቅህ በኋላ የዘፈኑን አዝማች ሦስት ጊዜ አከታትለህ ዝፈን። ሦስተኛው ላይ አንገትህ ከተወጠረ ወይም አገጭህ ወደ ላይ ከተነሳ ከፍታው ያንተ አይደለም። ዘፈኑ የሚፈልገው ከፍተኛ ኖት ኤ ሆኖ አንተ ሳትጨነቅ የምትይዘው ኤፍ ሻርፕ ከሆነ 3 ግማሽ ቶን (በጊታር ሦስት ፍሬት) ይጎድልሃል። እስከ 2 ግማሽ ቶን ድረስ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ዘፈን ምረጡ። ጊታሪስቱ «ቅኝቱን ሳልነካ ፍሬት ቀይሬ እጫወተዋለሁ» ካለህ እሺ አትበለው። የሜይደን ጋሎፕ (እንደ ፈረስ ግልቢያ ያለው ምት) አብዛኛውን ጊዜ የሚጋልበው ክፍቱ ኢ ክር ላይ ነው፤ እሱ ከሌለ ሪፉ (ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ) ይሞታል።

ዝቅ ስትሉ 9–42 ክር (ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት ናቸው፣ በሺኛ ኢንች) ይላላል፤ ወፍራሙ ክር ፍሬት እየነካ ይንጫረራል፣ ጠንከር ብሎ ሲመታም ኖቱ ይሸሻል። ለግማሽ ቶን 10–46፣ ለሙሉ ቶን 11–49 እሰሩ። ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ የምታወጡትን ድምፅ) እና ተጭናችሁ የምታወጡትን ኖት በቱነር (በቅኝት መለኪያ) አስተያዩ፤ የተጫናችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን (ክሩ ብሪጁ ላይ የሚያርፍበትን ብረት) ከአንገቱ አርቁት፣ ዝቅ ካለ አቅርቡት። ፍሎይድ ሮዝ (በስፕሪንግ የሚንቀሳቀስ ብሪጅ) ያለው ጊታር ከሆነ አንዱ ክር ሲላላ ሌሎቹ ስለሚወጠሩ በሁለት ዘፈኖች መሃል ቅኝት ለመቀየር አትሞክሩ፤ ሙሉ ዝግጅቱ በአንድ ቅኝት ይሁን።

በ«ቱ ኤ ኤም» ጀምር፣ ረጋ ያለ ነው። «ማን ኦን ዘ ኤጅ» ላይ ቃላቱ ስለሚጣደፉ ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ግጥሙ ላይ በእርሳስ አስምር። «ሳይን ኦቭ ዘ ክሮስ»ን ለመጨረሻ አቆየው። እሱን ዲኪንሰን ራሱ ከተመለሰ በኋላ በ2001 ሪዮ ላይ ዘፍኖታል፤ ጓደኞችህ አልበሙን ሲያጣጥሉ ይህን ንገራቸው።

እዚህ የጊታር ክር እንደልብ አይገኝም። ለክረምቱ ስትመጣ ሁለት ፓኬት 10–46 ይዘህ ና።

እናትህ