ከአንደኛው በታች ያለውን ዝም ብለሽ አትሙዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉንፋኑም ለቀቀኝ።

አክስትሽ ትናንት ደውላ ነበር። «አዲስ አበባ ካልሆነ ሌላው የትም ቢሆን ግድ የለኝም» ብለሽ፣ የቀረውን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ እንዲሞላልሽ ልትሰጪው ነው አሉ። ምን ነካሽ? አደራሽን፣ ከአንደኛው በታች ያለውን ዝም ብለሽ አትሙዪ።

ከ600 352 ማምጣት ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሃምሳ በመቶ የደፈኑት ከተፈታኙ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አባትሽማ ደረቱን ነፍቶ ነው ገበያ የሚወጣው። ግን ከአንቺ በላይ ያመጣም ሞልቷል። ምደባው ውጤትንም፣ ምርጫንም፣ በየዩኒቨርሲቲው ያለውን ቦታም ያያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የሚያመለክቱት ለራሱ ነው፤ የራሱም መግቢያ ፈተና አለው። ከፈለግሽ ተመዝገቢና ተፈተኚ፣ አልከለክልሽም። የትምህርት ሚኒስቴሩን ምርጫ ግን በዚያ ተስፋ አታበላሺው።

ሕክምናሽም አልቀረብሽም። አንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፤ የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ግቢ ገብተሽ በምታመጪው ውጤት ነው። ባሕር ዳር ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለው። ደብረ ማርቆስም ሕክምና ያስተምራል፤ እሁድ እሁድ አክስትሽ ቤት ቡና ትጠጫለሽ። እንጅባራም ሩቅ አይደለም።

የአጎትሽን ነገር መጨረሻውን እንጂ መጀመሪያውን አልነገርንሽም። ማትሪክ እንዳለፈ ፎርሙ ላይ አንደኛ ሕግ ብሎ ጻፈ። የቀረውን እየሳቀ ከጓደኛው ገለበጠ። የደረሰው ባሕር ዳር፣ ፔዳ የሚባለው የመምህራን ኮሌጅ፣ መምህርነት። «የጠመኔ አቧራ አልበላም» አለ። አያትሽ ሽማግሌ ላኩበት፣ የንስሐ አባቱም መጡ። እሱ እቴ! «ለከርሞ እፈተናለሁ» ብሎ ቀረ። ከርሞ እርሻ መጣ፣ ከዚያ ሚስት፣ ከዚያ ልጆች። የምደባው ወረቀት እስከ ዛሬ አያትሽ ዳዊት ውስጥ ተጣጥፎ አለ። ማህተሙ ወይን ጠጅ ነው፤ የአባቱ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል።

እኔ ታናሽ እህቱ መምህርነት ሲደርሰኝ ሻንጣዬን ተሸክሞ ደብረ ማርቆስ ድረስ ያደረሰኝ እሱ ነው። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ግቢው በር ላይ ሻንጣውን አስቀምጦ ጫማዬ ላይ ያለውን አቧራ በጋቢው ጫፍ ጠረገልኝና ሄደ። የሆነ ነገር ልለው ይገባኝ ነበር። ምን እንደምል ግን ዛሬም አላውቅም።

በይ ተዪው። ስለ ፎርም ልጽፍ ተነስቼ የት ደረስሁ!

መጀመሪያ ደብተር ላይ በተራ ጻፊያቸው። እያንዳንዱን ስትጽፊ «እዚህ ቢደርሰኝ ሻንጣዬን አነሳለሁ ወይ?» በይ። የማታነሺ ከሆነ ወደ ታች አውርጂው። እዚያ የተማሩትን ጠይቂ፣ ስለ ቤተ ሙከራውም ስለ ማደሪያውም። የጓደኞችሽን ምርጫ አትገልብጪ፤ እነሱ ሌላ ውጤት ነው ያላቸው። የይለፍ ቃልሽን ለማንም አትስጪ። ሞልተሽ ስትጨርሺ ስክሪኑን ፎቶ አንሺው። ኔትወርኩን ታውቂዋለሽ፣ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቂ። ደግሜ እልሻለሁ፣ የኔ ዓለም፣ ከአንደኛው በታች ያለውን ዝም ብለሽ አትሙዪ።

ጤፉንና በሶውን ለደምበጫው ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ሐሙስ መናኸሪያ ጠብቂው። ሒሳቡ ተከፍሏል፣ ድጋሚ ቢጠይቅሽ እንዳትሰጪው። ማዳበሪያውንም አትጣይው፣ መልሺልኝ።

እናትሽ