ብቻሽን አትቁረጪ፦ ደብዳቤ ለልጄ

የኔ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

እሁድ ያደረግሽውን ሰማሁ። ማን ነገረህ አትበዪኝ፤ ሰውዬው የነገረኝ ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ ነው። «ልጅህ ጎበዝ ናት። ሰዉ ሁሉ ከተበተነ በኋላ የሞተር መጋዙን ይዛ ብቻዋን ቀረች። ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ካልጣልኩ አልሄድም ብላ ስትታገል ነበር» አለኝ። አጎትሽ አጠገቤ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ከዘራውን አነሳ፣ ምንም ሳይናገር ወጣ። እስኪመሽ አልተመለሰም።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ይህን ልበልሽ፦ ብቻሽን አትቁረጪ።

ደኑን ተዪ እያልኩሽ አይደለም። ስለዚያ ደን ስታወሪ ድምፅሽ ራሱ ይለወጣል፤ እናትሽ ሁላችንም እንድንሰማሽ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ታደርገዋለች። መጀመሪያ ስትገቢ ወር አትቆይም ብዬ ነበር። ይኸው ሦስተኛ ክረምትሽ ሆነ። ተከላ ሲባል የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ዝናቡ ሲገባ ሰዉ ይወጣል፣ ይተክላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። በኋላ አረሙ ችግኙን ሲውጠው የሚመለስ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አንቺ ከተመለሱት ነሽ። በዚህ እኮራብሻለሁ። ፊት ለፊት ብዬሽ ስለማላውቅ እዚህ ይጻፍ።

ያቺን የላክሽልኝን ፎቶ አሁንም እያወጣሁ አያታለሁ። ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ የዝግባ ችግኝ። ዙሪያዋን ግማሽ ሜትር ያህል አርመሻል። ያረምሽውን ሣር መልሰሽ ጎዝጉዘሽላታል፤ ግንዷን እንዳይነካት ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትተሻል። እርጥብ ሣር ግንድ ላይ ከተከመረ ልጡን እንደሚያበሰብሰው ማን እንዳስተማረሽ አላውቅም። እኔ አላስተማርኩሽም። ፎቶውን አስፍቼ ያንን ክፍተት ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ለችግኝ እንዲህ የምትጠነቀቂ ልጅ ለራስሽ እንዴት አትጠነቀቂም?

ተንጠልጥሎ የቀረ ዛፍ ከቆመውም ከወደቀውም የከፋ ነው። ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ ከታች ሆነሽ ማወቅ አትችዪም። ከሥሩ አትግቢ። ላዩ ላይ አትውጪ። የደገፈውን ዛፍ ደግሞ በጭራሽ እንዳትቆርጪው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚመጡብሽ። እንዲህ ያለው ከርቀት በገመድ ወይም በዊንች ተጎትቶ ነው የሚወርደው፤ እሱም ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ። የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ ሰው እንዳያልፍ ዙሪያውን አጥራችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ጤነኛ ዛፍ ስትጥሉም ዋዛ አይደለም። መጋዙ ሳይነሳ በፊት ማምለጫሽን ጥረጊ። ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ፣ ግን ሰያፍ፣ 45 ዲግሪ ያህል። ቀጥ ብለሽ ወደ ኋላ እንዳትሸሺ፤ ግንዱ ከጉቶው ተፈናጥሮ ወደ ኋላ ሊመታ ይችላል። ሌላው ሰው ሁሉ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ። ማጠፊያውንም፣ በሁለቱ ቁርጥ መካከል የሚቀረውን እንጨት፣ ቆርጠሽ አትጨርሺው። ከግንዱ ውፍረት አንድ አሥረኛው ያህል ሳይነካ ይቅር፤ ዛፉን ወደ መውደቂያው የሚመራው እሱ ነው። አንቺ አጎንብሰሽ መጋዙን ስታዪ ጫፉን የሚያይልሽ ሰው ያስፈልጋል። ብቻሽን አትቁረጪ የምልሽ አንድም ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ።

አጎትሽ ጣሪያ ሲጠግን ወድቆ ነው እግሩ የተሰበረው ብለን የነገርንሽ እውነት አይደለም።

ያኔ ሦስት ዓመትሽ ነበር። እኔና እሱም እንዳንቺው በበጎ ፈቃድ ደን እንንከባከብ ነበር። የዚያን ቀን ኃላፊው እኔ ነበርኩ። ዛፎቹ ተጠጋግተው በቅለው ብርሃን ይሻማሉ፤ ደካማ ደካማውን እየለየን እናሳሳ ነበር። ወደ ማታ አንድ ጥድ ሲወድቅ የሌላ ዛፍ መንታ ቅርንጫፍ ያዘው። ሰዉ ደክሟል። ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው። «ለሳምንት ይቆይ» ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «አንተ እሱን ጨርሰህ ና፣ እኛ ዕቃውን እንሰብስብ» ነው። አጎትሽ ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅም፤ ታውቂዋለሽ።

ወደ መንገዱ ወጣን። የመጋዙ ድምፅ ይሰማኛል። ገመዱን ጠቀለልኩ። ድምፁ ቆመ። በሆዴ «ጨረሰ» አልኩ። ከዚያ ጓንቶቹን ጥንድ ጥንድ እያደረግኩ ወደ ከረጢቱ መክተት ያዝኩ። ጠዋት ያከፋፈልኩት አሥራ ሁለት ጥንድ ነበር። ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ሆነብኝ። ከረጢቱን ገልብጬ እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። የማን ጓንት እንደጎደለ እስኪገባኝ ድረስ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስንደርስ ግንዱ ጭኑ ላይ ነበር። ራሱን አልሳተም። «ተጣራሁ እኮ» አለኝ። አልሰማሁትም ነበር።

ጣሪያ ነው እንበል ያለው እሱ ነው። «ልጆቹ በሌላ ዓይን እንዲያዩህ አልፈልግም» አለኝ። ለእኔ ብሎ ይህን ሁሉ ዓመት ዋሸ። እኔም ዝም አልኩ። ደኑ ውስጥ ተመልሼ አልገባሁም። የዚያን ዓመት የተከልናቸውን ችግኞች ማን እንዳረማቸው፣ ይኑሩ ይድረቁ፣ ጠይቄ አላውቅም። «አባዬ፣ አንድ እሁድ እንኳን ና» ስትዪኝ ጊዜ የለኝም እልሽ የነበረው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ምክር ልጽፍልሽ ተቀምጬ ይህ ወጣ። ይሁን።

ሄልሜት ግዢ። የፊት መከለያና የጆሮ መከላከያ አብሮት ያለውን። ገንዘቡን ነገ እልካለሁ፤ ለሌላ ነገር እንዳታውዪው። ፊሽካም ግዢና አንገትሽ ላይ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። የሰው ጩኸት ደን ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ ፊሽካ ይሰማል። መሰላል ላይ ሆነሽ የሞተር መጋዝ አትያዢ። ወፍራም ቅርንጫፍ ስትገርዢ መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ ቁረጪ፤ ያለዚያ በክብደቱ ተገንጥሎ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል። ከመቁረጥሽ በፊት ቀና ብለሽ የወፍ ጎጆ እንዳለ እዪ። ካለ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ተዪው። ከመንገድ የራቀ ደረቅ ዛፍም ቆሞ ይቅር፤ ግንደ ቆርቁር ቤት ይሠራበታል። በጋው ሳይጠና የእሳት መከላከያውን መስመር ጥረጉ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ ምንም ነገር አታቃጥሉ። ይህን ሁሉ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ብቻሽን አለመቁረጥን ነው ያላወቅሽው።

ባለፈው ስለ ኒጀር ያጫወትሽን ትዝ ይልሻል? እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎቹ አዲስ ከመትከል ይልቅ እርሻቸው ላይ ከቀሩት ጉቶዎች የሚያቆጠቁጠውን መጠበቅ ያዙ፤ ጠንካራ ጠንካራውን ቀንበጥ ትተው ሌላውን እየገረዙ 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዛፍ አለበሱ አልሽን። ሥሩ መሬት ውስጥ አልሞተም ነበር አልሽ። አጎትሽ ይህን ከሰማ ወዲህ አርፎ አልተቀመጠም። ግቢው ውስጥ ያለውን የወይራ ጉቶ ሄዶ ያየዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ሄዶ ያየዋል። «ቀንበጥ መምረጥ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው፤ እኔም እችላለሁ» ይላል። ዝናቡ ሲያባራ ሊመጣ አስቧል። እኔም አብሬው እመጣለሁ። ቀኑን ንገሪን፤ እሱን የሚያስቀምጥ ዝቅ ያለ ዱካ ፈልጊለት።

ይህን እንደምጽፍልሽ ነግሬዋለሁ። ማታ ሲመለስ ነው የነገርኩት። ብዙ ዝም አለና «ንገራት» አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዛፉ አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

እሁድ ማታ ደውዪ። ዛፉ በምን እንደወረደ፣ ማን ማን አብሮሽ እንደነበረ በስም በስም ንገሪው። ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው።

አባትሽ