ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ መምህራን ያወጣችሁትን አንብቤ እኔም የሐዋሳውን የፊዚክስ ቲቸራችንን ሳላነሳ ማለፍ አቃተኝ፣ ኒውተን ነበር የምንለው። ጊዜው 1990ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት ገና እንደገባ፣ ክፍለ ጊዜውን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል፣ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ጽፈን ሳንጨርስ ይቀየራል፣ ቲቸሮቹ ጥግ ይዘው መቆም ነው። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ሲል ኒውተን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰና "የት?" አለን። ጭጭ። በማግስቱ ቡታጋዝና ጥላሸት የጠጣ ብረት ድስት ይዞ ከች፣ ቴርሞሜትሩን ግን ከኬሚስትሪው ቲቸር ለምኖ ነው፣ እሳቸው የላቦራቶሪውን ቁልፍ እንደ ቤታቸው ቁልፍ ኪሳቸው ነበር የሚይዙት፣ እንዳይሰበር ብለው በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ውሃው ተንተከተከ፣ ቴርሞሜትሩ 94 አካባቢ ሲደርስ ወይ ፍንክች። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ውሃው ቶሎ ይፈላል ግን ያን ያህል አይግልም፣ እናታችሁ ባቄላ አልበስል ብሏት የምትንገላታው ለዚህም ነው አለን። ዩኒት ሊደሩ ጫጫታ ሰምቶ አርጩሜውን እንደያዘ ገባ፣ ድስቱን አየና ምንም ሳይል ወጣ።

ስታፉ ሁሉ እንደሱ ነበር ብል ግን ውሸት ነው፣ አንዱ ፕላዝማው ሲጀምር ለሻይ ወጥቶ ሲደወል ነበር የሚመለሰው። ኒውተን አሁንም ያስተምራል አሉ፣ ባለፈው ፒያሳ ከባጃጅ ውስጥ ሆኜ ያየሁት መሰለኝ፣ ቲቸር! ብዬ ብጮህ አልሰማኝም።

የድሮ ተማሪው፣ ከሐዋሳ