ለደሴና ለኮምቦልቻ ጋጋሪዎች፣ ባለወፍጮዎችና እድርተኞች የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሕዝብ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ለእናቶቻችን።

ነሐሴ 2013 ላይ ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ወገን የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ፣ ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱን ከተሞች ራሳቸውን አግኝቷቸው መብራት፣ ስልክና ባንክ ሲቋረጥ፣ ሰው በልቶ ያደረው በእናንተ እጅ ነው። በመጠለያዎች ምግብና ውሃ ስናቀናጅ የነበርን ሰዎች ይህን የምንጽፈው ሥራችሁን በስሙ ጠርተን ለማመስገን ነው። ምን ያህል እውቀት እንደሚጠይቅ ከሩቅ አይታይምና።

እንጀራ የጋገራችሁ እናቶችና እህቶች፣ የደሴን ክረምት እናንተ ታውቁታላችሁ። ኮምቦልቻ በሁለት ቀን የሚቦካ ሊጥ፣ ጉም በወረደበት ሰሞን ደሴ ላይ ሦስትና አራት ቀን ይፈልጋል። ሰልፉ ረዝሞ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ሊጡ ሳይደርስ ጋግሩ የሚል ግፊት ሲበዛባችሁ እሺ አላላችሁም፤ ልክ ነበራችሁ። የቀረረውን ውሃ ደፍታችሁ፣ አብሲቱን ጥላችሁ፣ ለብ እስኪል ጠብቃችሁ ነው ወደ ሊጡ የመለሳችሁት። በትኩሱ ቢጨመር እርሾውን ይገድለዋል፤ ጭራሽ ቢዘለል እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሲጠቀለልም ይሰነጠቃል። ጤፍ ሲያጥር ማሽላ የደባለቃችሁት ደግሞ ማሽላ የበዛበት እንጀራ ለማግሥቱ እንደማይቆይ አውቃችሁ የዕለቱን ለዕለቱ አደላችሁ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲያጨስ የዋለባችሁን ዓይን አላህ ይካሰው፣ እግዜር ይካሰው።

ወጡን በተመለከተ ትልቁን ነገር ያደረጋችሁት ሳትማከሩ ነው። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ሽሮውም ምስሩም በዘይት ተሠራ፤ ጿሚውም፣ ሙስሊሙም፣ ሕፃኑም ከአንድ ድስት በላ። ድስት ሳይለያይ ሲቀር ማገዶ፣ ውሃና ጉልበት ይቆጠባል። ለአራሶች አጥሚት ለብቻ ያፈላችሁትንም አንረሳም።

ድርቆሽ የዚህ ሥራ ፈተና ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በክረምት ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ የተሰጣ እንጀራ ይለሰልሳል እንጂ አይደርቅም። ደሴ ላይ ተጋግሮ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የተሰጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጆንያውን በራሳችሁ መኪና እየጫናችሁ ያወረዳችሁ ሾፌሮች፣ ግቢያችሁንና ሸራችሁን የሰጣችሁን የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ ያለ እናንተ ያ ሁሉ እንጀራ ይሻግት ነበር። በእጅ በትንንሹ የተቆረሰው፣ ሳይደራረብ የተሰጣው፣ ቀን ሙሉ የተገላበጠው ብቻ ነው የሚቆየው። ሲሰበር «ቀጭ» ካላለና ከተጣጠፈ ገና ነው። በሙቀቱ ፌስታል ውስጥ ከታሰረም ያልበውና አረንጓዴ ያወጣል። የሻገተ ሲገኝ ከመሃል ለቅማችሁ ሌላውን ለማዳን አልሞከራችሁም፤ ጆንያውን እንዳለ ጣላችሁት። እህል በጠፋበት ጊዜ እንዲህ መወሰን ያማል፤ ግን ሆዱን የታመመ ልጅ አላመጣብንም።

ለበሶው ገብሱን ፈትጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በትንሽ በትንሹ የቆላችሁም እንዲሁ። በብዛት ምጣድ ላይ የተከመረ ገብስ ላዩ ያርርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ጥሬው ሆድ ይነፋል። በሶ እሳት አይፈልግም፤ የሚበጠበጥበት ውሃ ግን ንጹሕ መሆን አለበት። ጀሪካን ተሸክማችሁ የዋላችሁ ወጣቶች፣ ድፍርሱን ውሃ መጀመሪያ አዝቅጣችሁ፣ በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ ነው «ውሃ አጋር» የተባለውን የውሃ ማከሚያ መድኃኒት የጨመራችሁት፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን በመድኃኒቱ ጠርሙስ ክዳን አንድ፣ ጥርት ካላለ ሁለት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጥበቃ። ድፍርስ ላይ በቀጥታ ቢጨመር መድኃኒቱ ቆሻሻው ላይ ያልቅና ተሕዋሲው ይተርፋል። ይህን ለሰልፈኛው ሁሉ ሳይሰለቻችሁ ስታስረዱ ሰምተናል።

መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣዱም የኤሌክትሪክ ወፍጮውም ቆመ። በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ያላችሁ ጋሼዎች፣ ያኔ የከተማው ጉሮሮ እናንተ ነበራችሁ። ሞተር ለአንድ ቁና እህል ማስነሳት ናፍጣ ማባከን ነው። ስለዚህ የየቤቱ እህል ተጠራቅሞ፣ ጆንያው በጨርቅ ቁራጭ ተለይቶ፣ በአንድ ማስነሳት ተፈጨ፤ በርበሬ እንዳይቀላቀል መጨረሻ ላይ። ድንጋዩ ሲደነዝዝ ወቅራችሁ፣ አሸዋ የያዘውን የመጀመሪያ ዱቄት ለከብት አወጣችሁት። ድንጋዩን ከልክ በላይ ያላጠበቃችሁትም በምክንያት ነው፤ ዱቄቱ ይግላል፣ እንደጋለ ከታሰረ ይጓጉላል። የመፍጫ ገንዘብ በእጁ ለሌለው «አብሽር፣ ሲኖርህ» ብላችሁ አሰናበታችሁ። ባንክ በተዘጋበት ሰሞን ይህ ቃል የብዙ ቤት እራት ነበር። ወፍጮ ላልደረሰው ጎረቤት ስንዴ ዘፍዝፋችሁ ንፍሮ የቀቀላችሁለትም አላችሁ።

መብራት ሲመለስ ሌላ አደጋ መጣ። ስሪ ፌዝ ሞተር፣ ማለትም በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራው፣ አንዱ መስመር ጎድሎበት ሳለ ከተነሳ እያጓራ ይቆማል፤ ወዲያው ካልጠፋ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ኤሌክትሪሺያኖች በየወፍጮ ቤቱ ዞራችሁ ሦስቱንም መስመር ሳትፈትሹ ማብሪያ አላስነካችሁም። ሞተር ጠቅላዮችና ኩሽኔታና ቺንጋ የቀየራችሁ መካኒኮች፣ ዋጋ በናረበት ጊዜ የእጃችሁን ብዙዎቻችሁ አልጠየቃችሁም። በኮምቦልቻ የተዘረፉና የተጎዱ ፋብሪካዎችን መልሳችሁ ያስነሳችሁ ሠራተኞችም ምስጋናችን ይድረሳችሁ፤ ፋብሪካ ሲነሳ ደመወዝ ይነሳል፣ ደመወዝ ሲነሳ ጉልት ይነሳል።

በመጨረሻ እድሮች። ድንኳኑ፣ ሳህኑ፣ ትልልቁ ድስት የእናንተ ነው። አብዛኞቹ ድስቶች ታጥበው በየእድራቸው ተመልሰዋል። ከሥራቸው የተጻፈው ቀለም በእሳት የጠፋባቸው ጥቂቶች ስላሉ፣ የጎደለባችሁ የንብረት ኃላፊዎች ድስት ባዋሳችሁበት ትምህርት ቤት ግቢ መጥታችሁ በጆሮው ምልክት ለዩልን። የተቀደዱትን ሁለት የድንኳን ሸራዎች እያሰፋናቸው ነው፤ እንዳለቁ እናደርሳለን።